ስክሪኑን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሴት

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ፋይል ካልገለጠ እርግጠኛ አይሆንም። ለሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም፣ ካቻቢቴ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በወሩ ነው። የሌላው ሰው ጋዋን ኪስ ላይ እስክሪብቶ ሲታይ፣ ከእሷ ኪስ ብቅ የሚለው ቢጫ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ነበር። እሷም አልተቀየመችም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ካቻቢቴ ነኝ» ማለት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ሥራዋ የሕክምና ማሽኖችን መጠገን ነው። የጥገና ክፍሏ ምድር ቤት ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያውና በኦክስጅን ሲሊንደሮች ማከማቻ መካከል ተወሽቋል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ሙሉ በየመጠኑ የተሰቀለ ገመድ፣ አንድ ብሎኑ የላላ ወንበር አለ። የሆስፒታሉን ብሎን ሁሉ የምታጠብቅ ሴት የራሷን ወንበር ብሎን ለማጥበቅ ጊዜ አላገኘችም፤ እንደተወዛወዘች ይኸው ጡረታዋ ደረሰ። የደም ግፊት መለኪያው፣ የመድኃኒት ፓምፑ፣ የመተንፈሻ ማሽኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልብን ምት መስመር አድርገው የሚያሳዩት ሞኒተሮች በእጇ ያልፋሉ። ሞኒተር ከሩቅ ድምፁን ሰምታ የቱ ጋ እንደታመመ ትናገራለች። ትናገራለች ብቻ ሳይሆን ትወራረዳለች፤ ተወራርዷት ያሸነፈ ሰው እስካሁን የለም።

ከሚወሩላት ወሬዎች አንዱ የሰዓቱ ነው። በተቀጠረች በሦስተኛው ዓመት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ሞኒተር ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን አየች። ነገሩ ተራ ነገር ይመስላል። ግን ሐኪሞቹ ሰው ሲያርፍ ሰዓቱን የሚጽፉት ቀና ብለው ከስክሪኑ ጥግ አንብበው ነው። ስለዚህ ስድስት ቁጥር ላይ የሞተ ሰው ሁሉ ከሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ እንደሞተ ተመዝግቧል፤ ለስንት ወር እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ይህን ስትነግራት ዋና ነርሷ እጇን በአፏ ጫነች። ካቻቢቴ ግን «አይዞሽ ሲስተር፣ እስካሁን ተመልሶ አቤቱታ ያቀረበ የለም» ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የእጅ ሰዓቷን አውልቃ በመዳፏ ይዛ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የሁሉንም ሰዓት ታስተካክላለች።

ስቃ ብታልፈውም ነገሩ ከሆዷ አልወጣም። ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ ቤተሰብ፣ ሰውየው መቼ እንደሞተ ሲጠየቅ ሰውየውን አይቶ የመለሰ አንድም አልነበረም ማለት ነው።

ካቻቢቴ ሰው ሲሞት ያየችው ብዙ ጊዜ ነው። ፈልጋ አይደለም፤ ማሽን አስቸግሮ የሚጠሯት ብዙውን ጊዜ በሽተኛው በጣም ሲደክም ስለሆነ ነው። ቦርሳዋን ይዛ ጥግ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ጥግ የሚታየው ምን መሰላችሁ? የሰው ማጅራት። ሚስትም፣ ልጅም፣ ወንድምም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አቅንተው፣ ኳስ እንደሚያይ ሰው አፋቸውን ከፍተው ቁጥሩን ይከተላሉ። ሰባ፣ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ አንድ። ሰባ አንድ ሲል እፎይ ይላሉ። በመካከላቸው የተኛው ሰው ግን ዓይኑን ከአንዱ ማጅራት ወደ ሌላው ያንከራትታል። ማንም አያየውም።

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ላብ ላብ ብሏቸው ደረታቸው ላይ የተለጠፈው ክብ ፕላስተር ተላቀቀ። መስመሩ ቀጥ አለ፣ ማሽኑ ጮኸ። ሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ደረት እየመቱ ቤቱን በለቅሶ አናጉት። አዛውንቱ ከእንቅልፋቸው ባንነው ግራ ቀኝ አዩና፣ ሐዘንተኛ በሆነ ድምፅ «ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ካቻቢቴም ስቃለች፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ቆይታ ግን አንድ ነገር ትዝ ሲላት ሳቁ ጠፋባት። ትልቋ ልጅ ስታለቅስ የአባቷን እጅ እንደያዘች ነበር። እጁ ሙቅ ነበር።

ተቃራኒውንም አይታለች። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ አንድ ባል ሞቷል ተብሎ፣ ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ መርምረው ተፈራርመው፣ ሚስት ግን አሻፈረኝ አለች። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ እንዴት ሞተ ይባላል? ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንጂ ብላ ስለተሟገተች ጠጋኟ ተጠራች። ካቻቢቴ ማሽኑን አላየችም። ወንበር ስባ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ችግሩም እሱ ነው። ይሄን ቱቦ ጎማ ከረጢት ላይ ብሰካው እንደዚሁ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል» አለቻት። ሴትዮዋ የባሏን ደረት አየችና «ታዲያ ይሄን እስከ ዛሬ ማን ነገረኝ?» አለች። የነገራት አልነበረም። ያን ቀን ካቻቢቴ ቤቷ ስትገባ እራት አልበላ አላት።

ታዲያ ማሽን ትጠላለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እሷ ፊትም እንዳትሞክሩት። ትንፋሹ ተቆርጦ የመጣ ሕፃን በእሷ ጥገና በቆመ ማሽን ተንፍሶ፣ አድጎ፣ ጢም አብቅሎ ሊያመሰግናት የመጣበት ቀን አለ። ማሽን ትወዳለች። የማትወደው ሰው ማሽን የማያውቀውን ነገር ማሽኑን ሲጠይቀው ነው። እንዲህም ትላለች፦ «ቁጥሩ የሥራ ትዕዛዝ ነው። ወረደ ሲል አንድ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ያደርጋል። የሚደረግ ነገር ካለቀ በኋላ ግን ትዕዛዙን አፍጥጦ ማየት ምን ይባላል?» ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ሰውም ወይ ይሰማታል ወይ ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

አሁን ወደ እህቷ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ካቻቢቴን ያሳደገቻት በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት። እናትና አባት ቀድመው ስለሄዱ፣ ትልቋ ገና በሃያ ዓመቷ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ባኖረችው የእግር ስፌት መኪና እየሰፋች ትንሿን አስተማረች። ትንሿን ትጠራት የነበረው «ሚጣ» እያለች ነው፤ ሚጣ ፀጉሯ ሸብቶም፣ መነጽር አድርጋም ሚጣነቷ አልቀረላትም። ሚጣ ስምንት ዓመቷ ላይ እህቷ ገበያ በሄደችበት የስፌት መኪናውን በወጥ ቤት ቢላ ፈታታ ወለሉ ላይ አሰጣችው። ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች፣ እንጀራዋን ተበታትኖ አየች፣ አልጮኸችም፣ አልመታችም። «እስክትገጥሚው እራት የለም» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተገጠመ፣ ከበፊቱም አሳምሮ ሰፋ። አንዲት ብሎን ግን ተርፋ ነበር። የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ መኪናውም ያለ እሷ ሠላሳ ዓመት ሰፋ።

ልብስ ሰፊዋ ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሆናት ልቧ ደከመ። እግሯ ያብጣል፣ ሁለት ደረጃ ወጥታ ትቆማለች። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገባች። በሦስተኛው ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ካቻቢቴ ሐኪም ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩን ሳይሸፋፍን ለበሽተኛዋ ለራሷ ነገራት። መድኃኒቱ ከዚህ በላይ አይሄድም። የመተንፈሻ ማሽን ማስገባት ይቻላል፤ ቀን ይጨምራል፣ ጤና ግን አይጨምርም።

«ይቅርብኝ ዶክተር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ የተተረተረ ልብስ አውቃለሁ። ጨርቁ ካለቀ በየት በኩል ይሰፋል?»

አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቱን ይወዳታል፤ ፍቅሩን የሚገልጠው ግን በጥያቄ ነው፤ ያውም ማሽኑን በመጠየቅ። በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ስክሪኑን ነበር። «ኦክስጅንሽ ዘጠና ሦስት! ከትናንት በሁለት ጨምሯል። እማዬ፣ ዛሬ ደህና ነሽ!» ይላታል። እናትየው በዚያ ሰዓት ትንፋሽ አጥሯት ትራሷ ላይ ተደግፋለች። «እንዲያ ከሆነ እሺ» ትለዋለች። ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዙሮ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ቁጥሩ እስኪመለስ አይነቃነቅም። መንገድ ላይ ሆኖ ሲደውልም የሚያስነብበው ቁጥሩን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሄደ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ሥራው ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ «ሚጣ፣ በሩን ዝጊው» አለች። ካቻቢቴ ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ልጅ ማጅራቱ የአባቱን ነው የሚመስለው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት እሱን ነው። ፊቱን ከረሳሁት ቆየሁ።»

«ደንግጦ ነው እትዬ። ስለሚወድሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ የወለድኩትን አላውቅም?» ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጀርባ ስለካ ኖሬያለሁ። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። በቃኝ። ስሄድ የሰው ፊት እያየሁ ነው መሄድ የምፈልገው። የእሱንም፣ የአንቺንም። ጀርባችሁን እያየሁ እንዳታስኬዱኝ። በሞቴ።»

በዚያ ቤት «በሞቴ» በቀን መቶ ጊዜ ይባል ነበር፤ አንድ ጉርሻ ለማስጨመር፣ አንድ ሰዓት ለማስቆየት። ያን ቀን ግን ካቻቢቴ ቃሉን እንደ አዲስ ሰማችው። እንባዋ መጣ፤ ግን ፈጥና ዋጠችው። ይህ ደግሞ በእሷ ሙያ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ቢቀር ይህን ማድረግ አያቅታትም።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች። «ቃሌ ነው። አንድም ጀርባ አታዪም።»

ዋና ነርሷ ዘንድ ሄደች። ሞኒተሩ ክፍሉ ውስጥ ቢዞርም ነርሶቹ መስመሩን ከራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያዩታል። ሐኪሙም ተስማማ፤ ጩኸቱም ተቀነሰ። ካቻቢቴ ቢጫውን ካቻቢቴ አውጥታ፣ ስክሪኑን የያዘውን የብረት ክንድ አራት ብሎን አላልታ፣ ዝገቱን እያንቋቋች ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የሞኒተሩ ግራጫ ጀርባ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ አየት አደረገችውና «ይሄኛው ጀርባ ይፈቀድለታል» አለች።

በማግስቱ ሹፌሩ መጣ። በር ከፈተ፣ እንደ ልማዱ ቀና አለ፣ ግራጫ ፕላስቲክ አየ። ፊቱ ጠቆረ። አክስቱን በዓይኑ ጠርቶ ኮሪደር ላይ አስወጣት።

«አክስቴ፣ ምን ማለት ነው ይሄ? ያለ ጠባቂ ልታስቀሪያት ነው?»

«ጠባቂዎቹ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እያንዳንዷን ምት ያያሉ።»

«እኔስ? እኔ በምን ልወቅ? ዳሽቦርድ ሳላይ እኔ መኪና አልነዳም!»

«አንተ እየነዳህ አይደለም እኮ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ በሙሉ ጆሮዋ ትሰማለች። «የምትረግጠው ፍሬን የለህም፣ የምትቀንሰው ማርሽ የለህም። ያ ቁጥር ዘጠና ቢል ምን ታደርጋለህ? ሰማንያ ቢልስ? ንገረኝ እስቲ!»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«እናትህ ፊትህን ማየት ፈልጋለች» አለች ካቻቢቴ ዝግ ብላ። «የጠየቀችው ይሄን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሄደህ ተቀመጥና አሳያት።»

ገባ። ግን አኮረፈ። ሁለት ቀን ዓይኑን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት፣ ስልኩን ሲያወጣ፣ ሲመልስ፣ ጥፍሩን ሲበላ ዋለ። ሰው የእናቱን ፊት ለማየት ይቸገራል ብትሉኝ አላምንም ነበር። በሦስተኛው ቀን የሚያይ ነገር ሲያጣ እናቱን አያት። ቅንድቧ ውስጥ አንዲት ነጭ ጠባሳ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት አብሯት ኖሮ አላያትም ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«አንተ ነሃ። በሁለት ዓመትህ መቀስ ወረወርክብኝ።»

«እኔ?»

«ኧረ አሁንስ ተወው፣ ክሴን አንስቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ወሬው መጣ። ትንፋሿ እንደፈቀደላት ትነግረዋለች፤ ሲያጥራት ዝም ትላለች፣ እሱም ዝም ብሎ ያያታል። አንድ ቀን ዋና ነርሷ ገብታ «ውይ ሞት ይርሳኝ፣ ኪኒኑን ሳላመጣው!» ስትል፣ ልብስ ሰፊዋ ከትራሷ ላይ «ልጄ፣ ተራዬን አትውሰጂብኝ። መጀመሪያ እኔን ይርሳኝ» አለቻት። ነርሷ በሳቅ ፈርሳ ኪኒኑን ዳግመኛ ረሳችው። ሹፌሩም ሳቀ። ካቻቢቴ ያ ልጅ ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው!

ነገሩ እዚህ ብቻ አልቆመም። ሹፌሩ እናቱን ማወቅ ጀመረ። ስትደክም የአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ገባ ገባ እንደሚል፣ ሲቀልላት አውራ ጣቷን አመልካች ጣቷ ላይ ክር እንደምትፈትሽ ሴት እንደምታሽ አወቀ። አንድ ማለዳ ኮሪደር ላይ አክስቱን ጠብቆ «አክስቴ፣ ዛሬ ጣቷ ከትናንት ይቀዘቅዛል። ከንፈሯም ተለውጧል» አላት፤ ይህን ያለው ነርሶቹ ምንም ሳይሉ በፊት ነው። ካቻቢቴ ቀጥታ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄዳ ቁጥሩን አየች። ልክ ነበር። ኩራት ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ኩራቱ ስለምን እንደሆነ ትዝ አላት።

ያ ቀን የመጨረሻው ሆነ። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ፣ ሕመም እንዳይሰማት መድኃኒት ጨመረላትና ከአጠገቧ እንዳይርቁ ነገራቸው። ሹፌሩ በቀኝ፣ ካቻቢቴ በግራ ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከታች የመኪና ማቆሚያው ድምፅ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ትከድናለች፣ ትከፍታለች። ስትከፍት አንድ ጊዜ ልጇን፣ አንድ ጊዜ እህቷን ታያለች፤ ሁለቱም በቦታቸው አሉ። ካቻቢቴ በሆዷ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አለች። እርግጠኛ ነበረች። ያ እርግጠኝነቷ ነው ጉድ የሠራት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከግድግዳው በኩል ሞኒተሩ ጢጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጢጥ።

ሌላው ድምፅ ሁሉ ተዘግቷል። ይህ አንዱ ግን አይዘጋም፤ ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው። ከደረት ላይ አንድ ሽቦ ተላቋል ማለት ነው። የሚያጣድፍ ነገር የለውም። ነርሷ ሰምታ እስክትመጣ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ባትመጣም ምንም አይሆንም። ይህን በዓለም ላይ ከካቻቢቴ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን የሃያ ስድስት ዓመት እጅ አእምሮን አያስፈቅድም። «አንድ ደቂቃ» አለች፣ የእህቷን እጅ አልጋው ላይ አኖረች፣ ተነሳች። አልጋውን ዞራ ግድግዳው ጋ ደረሰች፣ ገመዱን በጣቷ ተከተለች። ሽቦው ከደረት አልተላቀቀም፤ የላላው መሰኪያው ሥር ነው። አወቀችው። ቢጫው ካቻቢቴ እጇ ውስጥ መቼ እንደገባ አታውቅም። ስክሪኑን ወደ ራሷ ሳበት አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ መሰኪያውን ከፍታ፣ ያቺን ሽቦ በጥፍሯ ጫፍ ይዛ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። መስመሩ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ብልጭ አለ። ብልሽት ስታገኝ ሁሌ እንደሚሰማት ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት። ዓለም ሁሉ ጠፍቶ እሷና ያቺ ሽቦ ብቻ ቀሩ።

«አክስቴ።»

«መጣሁ፣ ጨረስኩ፣ አንዲት ብሎን ናት...»

«አክስቴ!» አለ ሹፌሩ። አልጮኸም፤ ዓይኑንም ከእናቱ ላይ አላነሳም። «እያየችሽ ነው። ዙሪ።»

ዞረች።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከፍታለች። እያየች የነበረው የእህቷን የጎበጠ ጀርባ፣ ጋዋኑ ትከሻዋ ላይ የተጨማደደበትን ነበር። ለስንት ጊዜ እንዳየችው እንጃ። ካቻቢቴ ሽቦውን ለቀቀችው፤ ካቻቢቴውም ከእጇ ወድቆ አልጋው ሥር ተንከባለለ። ደርሳ ተንበረከከች፣ ፊቷን ከእህቷ ፊት ጋር አስተካከለች። እንባዋ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ አልዋጠችውም።

«ይቅር በይኝ እትዬ። ይቅር በይኝ።»

የልብስ ሰፊዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ሠራሽው?»

«አልሠራሁትም» አለች ካቻቢቴ እያለቀሰች።

«ተዪው በቃ... ሚጣ።»

የከንፈሯ ግራ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ተነፈሰች፤ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ደግሞ ተነፈሰች። ከኋላቸው ማሽኑ ጢጥ ይላል። ዋና ነርሷ መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች ሁለቱም ያወቁት በኋላ ነው፤ እሷም ወደ ማሽኑ አልሄደችም። ሌላ ትንፋሽ መጣ። ሌላ ይመጣል ብለው ጠበቁ። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሰው በር ዘጋ፣ ሞተር አስነስቶ ሄደ። ትንፋሹ አልመጣም።

«አክስቴ... ሄደች?»

በፊት ቢሆን ይህን የሚጠይቀው ስክሪኑን ነበር። ካቻቢቴ የእህቷን ፊት ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን አየች። ሐኪም አይደለችም፤ ግን መልሱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ፣ ወደየትም መዞር አላስፈለጋትም።

«አዎ ልጄ» አለች። «አሁን ሄደች።»

ኋላ ካቻቢቴ ግንባሯን የእህቷ እጅ ላይ ደፍታ፣ ድምፅዋ አልጋ ልብሱ ውስጥ ታፍኖ፣ «ቃል ገብቼላት ነበር። እኔው ራሴ... ጀርባዬን ሰጠኋት» አለች።

ሹፌሩ እጁን በእናቱ ላይ አሻግሮ የአክስቱን ትከሻ ያዘ።

«ፊትሽን አይታለች፣ አክስቴ» አላት። «ስታይሽ እኔ አይቻታለሁ።»